ፊዮሬንዛና የተቆለፈው ሳሎን

ያን ዓመት ሰኔ መንደራችን ሁሉ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸት ነበር። ሁልጊዜም ይሸታል፤ እኛ ከካንቱ ከተማ ወዲህ ያለን ሰዎች ከወንበርና ከቁም ሣጥን ሌላ የምንሠራው የለንም። ያን ጊዜ ግን ዝናቡ አባርቶ፣ ቼሪው በስሎ፣ የመጋዙ ድምፅ በየመስኮቱ ሲገባ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ደስ ያለኝ ወጣት ስለነበርኩ ነው እንዳልል ወጣት አልነበርኩም። ሃምሳ አልፎኝ ነበር።

የሶፋ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጎረቤቴ ኤጂዲዮ አናጢ ነው፤ እሱ የሶፋውን አጥንት ይሠራል፣ እኔ አለብሰዋለሁ። ልጁ ፊዮሬንዛ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይጠፋ። የቤት ውስጥ ዲዛይን እማራለሁ ብላ ተነሣች። መማሯን የተቃወመ የለም፤ የት ትማር በሚለው ግን ቤቱ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

ኤጂዲዮ እዚሁ መንደራችን ያለውን የማታ ትምህርት ቤት ነው የሚለው። እሱም አባቱም ሥዕል የተማሩት እዚያ ነው።

"ወንበር አራት እግር እንዳለው ለማወቅ ሚላኖ ድረስ በባቡር ይኬዳል?" ይላል።

ሚስቱ ፒኑቻ ደግሞ ሚላኖ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ልቧን ወስዶታል። ደረጃው እብነ በረድ ነው።

"እብነ በረድ አይቼ አላውቅም አልልሽም፣ ኤርሚኒያ" አለችኝ፣ "የዚያኛው ግን ፊትሽን ያሳይሻል።"

ፊዮሬንዛ ራሷ ያገኘችው ሦስተኛውን ነው፤ እሱም ሚላኖ፣ የድሮ መጋዘን ውስጥ፣ የትራሙ መስመር መጨረሻ ላይ። ሁለቱም የሚላኖ ትምህርት ቤቶች ያዘዟት አንድ ነገር ነው፦ ከቤትሽ አንድ ክፍል ስለሽ ነይ። ምዝገባው የሚያበቃውም በአንድ ቀን ነው፣ ዓርብ።

እንግዲህ እኛ ሰፈር ቤትሽን አሳዪ የተባለች ሴት የምታሳየው ሳሎኗን ነው። ሳሎን ደግሞ ይቆለፋል። የፒኑቻ ቁልፍ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሶፋው ላይ እኔ የሰፋሁት የክት ልብስ አለ፣ በሱ ላይ ደግሞ አቧራ መከላከያ አንሶላ። ቤተሰቡ የሚበላውም የሚጣላውም ወጥ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ተወልውሎ መልሶ ይቆለፋል። ፊዮሬንዛ እናቷን ለምና አስከፈተች፣ አንሶላውን ገፈፈች፣ ሦስት ቀን ተቀምጣ ሳሎኑን ሳለችው። እኔም አየሁት። የሰፋሁት ዘርፍ እንኳ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ነበር፤ ኩራት ተሰማኝ።

ሰኞ ዕለት ሁለቱንም ልታይ ሄደች። እብነ በረዱ ጋ ያለው ሰውዬ ሥዕሉን አየና "ድንቅ ነው፣ ዓርብ መጥተሽ ፈርሚ" አላት። መጋዘኑ ጋ ያገኘቻቸው ግን አንዲት ጠና ያሉ መምህርት ናቸው፤ እጅጌያቸው ጠመኔ በጠመኔ። ማታ መጥታ ስትነግረኝ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር።

"ማን ማን የት ይቀመጣል? አሉኝ፣ እትዬ ኤርሚኒያ። ማንም አይቀመጥም አልኩ።"

"እውነትሽን ነው።"

"ታዲያ ለማን ነው? አሉኝ። ለእንግዳ አልኩ። መጨረሻ የመጣው እንግዳ ማን ነበር? አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ምን ልበል? አያቴ ነበር አልኩ። ከነሣጥኑ።"

ሳቄ አመለጠኝ። አያቷ ሲያርፉ አስከሬናቸው ሁለት ቀን የቆየው እዚያ ሳሎን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እግሩን ያስገባ እንግዳ የለም።

"እሳቸውም እንደርስዎ ሳቁ" አለች እያኮረፈች። "እንባቸው እስኪመጣ። ከዚያ፣ የምትኖሩበትን ስለሽ ሐሙስ ነይ፣ ያኔ እንነጋገራለን አሉኝ። አልሄድም። ድንቅ ነው ያለኝ ሰው እያለ ምን አስለመነኝ?"

"ድንቅ ያለሽ ሰውዬ ምን ጠየቀሽ?"

አሰበች። "ምንም" አለች።

በማግስቱ ማታ ሾርባ ይዤላቸው ስገባ፣ ልጅቷ ወጥ ቤቱ ጥግ ምድጃው ሥር ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች። ሜትር በእጇ አለ። ጠረጴዛው ወደ ፍሪጁ ተጠግቶ ነው ያለው፤ የኤጂዲዮ ወንበር በመካከል። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር ሰውዬው ሳህኑን ይዞ ይነሣል፣ ሲዘጋ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ሲነሣ አይቼዋለሁ፤ ልብ ያልኩት የዚያን ቀን ነው። በተነሣ ቁጥር ፊዮሬንዛ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች።

"ምንድን ነው የምትቆጥሪው?" አላት።

"አባዬ፣ ፖሌንታ ገንፎህን ብላ።"

"እንዳልበላማ አይብ አምጣ፣ ወይን አምጣ ትሉኛላችሁ።" ተነሣ። እሷም ነጥብ አደረገች።

ሐሙስ ኤጂዲዮ ራሱ አብሯት ሄደ። "የሰው ሬሳ ላይ የምትስቅ ሴትዮ ማን እንደሆነች ልይ" ብሎ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብለው ነጥቦቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

"ይሄ አሥራ አንድ ነጥብ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አለ ኤጂዲዮ።

መምህርቷ ልጅቷን ሳይሆን እሱን አይተው፣ "በአንድ ራት?" አሉት።

"በአንድ ራት። እሑድ ደግሞ ይጨምራል።"

ሲመለስ መላጊያውን አንሥቶ ትንሽ ላገና አቆመ። "ሴትዮዋ ቤት ታውቃለች" አለኝ። "የማታው ትምህርት ቤት መገጣጠሚያ አስተምሮኛል፤ ቁጭ ብዬ እንደማልበላ ግን የነገረኝ የለም።" ፊዮሬንዛ ዓርብ መጋዘኑ ጋ ተመዘገበች። ፒኑቻ ሁለት ቀን እብነ በረዱን አለቀሰችለት፣ በሦስተኛው ተወችው።

ጠረጴዛው ሳሎን የገባው መስከረም ላይ ነው። የክት ልብሱን ሌላ ሰው እንዳይቀደው ብዬ ራሴ ፈታሁት፤ ዘርፉ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ። ፒኑቻ በሩ እየተከፈተም ቢሆን ቁልፉን ከሽርጧ ሳታወጣ ሁለት ክረምት አለፈ። ኤጂዲዮ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሳይነሣ በላ፤ ስንጨርስም፣ "ቆይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" ብሎ ዝም ብሎ አንዴ ተነሥቶ ተቀመጠ።

ባልና ሚስቱ አሁን በሕይወት የሉም፤ ቤቱን ሌሎች ገዝተውታል። ፊዮሬንዛ ትሪየስቴ ከተማ ናት፣ ወደቡ አጠገብ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍሎችን ታሰናዳለች። መጨረሻ የጻፈችልኝ ባለፈው መጋቢት ነው፣ ከዚያው።