አጥር ማዶ የነበሩት ድንጋዮች

ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ የግንብ ሥራ ስሠራ አከራዬ ድሬዳዋ ያደጉ ሙስሊም ሶማሌ እናት ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ስሳሳት ያርሙኛል፤ "አገርህ ስትገባ እንዳታሳፍረኝ" ይሉኛል።

አንድ ቀን የበራቸውን ምሰሶ በጥርብ ድንጋይ ስለብጥ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ድንጋይ ሥራ ማን አስተማረህ?"

ኩራቴን ዘረገፍኩት። ያደግኩት ቲያ ነው፤ እነዚያ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ከቤታችን አጥር ማዶ ናቸው፤ ሙያው በደማችን አለ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ማሻ አላህ! ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጎራዴ ምንድን ነው ታዲያ?"

"ከሥሩ የተቀበረው ሰው የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር።"

"ከታች ያለው ቅጠል መሳዩስ?"

አላውቅም ማለት ከበደኝ። "ሐኪም ነበር ማለት ነው።"

"እየገደለ ያክማል?"

ብድግ ብለው ገቡና ያረጀ ፎቶ ይዘው ወጡ። ተማሪ ሳሉ፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር፣ ትክል ድንጋዩ ሥር ቆመዋል። "አስጎብኚው እንኳ እርግጡን የሚያውቅ የለም ነበር ያለን። ለመሆኑ አንተ ገብተህ አይተኸዋል?"

አንድም ቀን ገብቼ እንደማላውቅ አመንኩ።

አላስችል ቢለኝ እዚያው እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አከራዬም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"እነዚያ ድንጋዮች? ያ በግራ እጁ የሚዋጋው ኢማም ተከላቸው ሲባል ነው የሰማሁት" አለች እናቴ።

ሶማሌዎች የእኛ ነው የሚሉት ኢማም ነው። አከራዬ በሳቅ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። "በል እንግዲህ! አንተ የእኔ ተከራይ፣ እናትህ ደግሞ የድንጋያችን ጠባቂ!"

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ "ፕሮፌሰር" ይለኝ ጀመር።

ለእረፍት አገሬ ስገባ እናቴን ይዤ ሄድኩ። "ድንጋይ ለማየት ልብስ ቀይረን?" እያለች ተከተለችኝ። ጎራዴዎቹን በቅርብ አየኋቸው። እኔ በማሽን ቆርጬ እንኳ ጠርዙ ይሸራረፍብኛል፤ ይህ በእጅ ተፈልፍሎ፣ ያን ሁሉ ዘመን ዝናብ ወርዶበት፣ መስመሩ አልጠፋም። ልነካው እጄን ሰድጄ መልሼ ሰበሰብኩት።

ጥበቃው መጣ። "ከየት ነው የመጣችሁት?"

"እሱ ከሐርጌሳ" አለች እናቴ ቀድማ።

"እንኳን ደህና መጣህ!" አለኝና እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ ያስረዳኝ ገባ። አላቋረጥኩትም።