ከደግፌ የተደበቀው በሽታ

ደግፌ ለዓመታዊ ምርመራው ሆስፒታል የሄደው እንደ ሁልጊዜው እየቀለደ ነበር። ሚስቱ አልማዜ ካርድ ለማውጣት ተሰልፋ ሳለ ነርሷ ስሙን ጠራች፤ እሱም "አንቺ ተሰለፊ፣ እኔ ልታይ" ብሏት ገባ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያለ አልማዜ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። የሚያውቁት ዶክተር ጡረታ ወጥተው በቦታቸው ማራኪ የምትባል ወጣት ሐኪም ተተክታለች። ፋይሉን ገልብጣ ገልብጣ ስትጨርስ ከወንበሯ ብድግ አለችና እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

"ለካ እርስዎ ነዎት! ግሊዮብላስቶማ ይዞት ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ምን ይዞት?" አለ ደግፌ።

"የአንጎል ካንሰሩን ማለቴ ነው። ከሁሉም ክፉውን።"

ደግፌ ዞሮ በሩን አየ። ከኋላው ሌላ በሽተኛ የገባ መስሎት ነበር። ማንም የለም።

"ተሳስተሻል ልጄ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ነው የቋጠረው። ተከፈተ፣ ወጣ፣ አለቀ።"

የማራኪ ፊት ተለዋወጠ። ተቀመጠችና የፋይሉን የመጀመሪያ ገጽ ፈለገች። እዚያ ላይ በቀድሞው ዶክተር እጅ ጽሑፍ "ቤተሰቡ ለታካሚው እንዳይነገር ጠይቋል" ይላል። ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ደግፌ ግን አንገቱን አስግጎ ራሱ አነበበው።

ደግፌ ማለት እንግዲህ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ የስፌት መኪና የሚጠግነው ሰውዬ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከከምባታ መጥቶ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጠረ። መስፋቱ አልሆነለትም፤ መኪናዋን ፈታትቶ መግጠሙ ግን ሆነለት። የኮልፌ ልብስ ሰፊ ሁሉ መኪናውን ተሸክሞ ወደ እሱ ይመጣል። ደግፌ እጀታዋን ሁለቴ አዙሮ ድምጿን ያዳምጥና ሕመሟን ይናገራል፤ ደግሞ ማባበል የሚባል ነገር አያውቅም። "ይቺ ሞታለች፣ ውሰድና ቅበራት" ይላል፣ ባለቤቷ አጠገቡ እንባ እየተናነቀው። ለማንም እውነቱን ደብቆ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ የራሱ እውነት የተደበቀበት።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጥር ላይ ሱቁ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሲነቃ "ደም ቋጥሮ ነበር" አሉት። ጨረሩን "ቁስሉን ማድረቂያ ነው" አሉት፤ ኪኒኑን "ማጠንከሪያ ነው" አሉት። ራሱ ገና ጭጋግ ውስጥ ስለነበረ አመነ። በእርግጥ ማመንም ፈልጎ ነበር። ጉድ በሉ፣ ጨረር ክፍል አብረውት የሚሰለፉትን በሽተኞች እያየ "ምስኪኖች፣ ካንሰር እኮ ነው የያዛቸው" እያለ ከንፈሩን ይመጥላቸው ነበር።

"ታዲያ ለምን አልሞትኩም?" አለ አሁን።

"ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ተመርምሯል" አለች ማራኪ። "የእርስዎ ዕጢ መድኃኒቱ ሲጎዳው ራሱን የሚጠግንበት መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ ኪኒኑ በደንብ ያዘው። ዶክተሩም ደምዎ ሲወርድ የኪኒኑን መጠን እየቀነሱ፣ ሲያገግሙ እየጨመሩ፣ ለእርስዎ ብቻ በሚሆን አካሄድ ነው የሰጡዎት።"

ይኼ ገባው። አንድ ዓይነት ሁለት መኪና አንድ ዓይነት ጥገና እንደማይወድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ስለዚህ ድኛለሁ?"

"ድነዋል ለማለት አልደፍርም። ባለፈው ሳምንት የተነሱት የጭንቅላት ፎቶ ንጹሕ ነው። ግን የእርስዎን የመሰለ ዕጢ ኖሯቸው፣ ያንኑ መድኃኒት ወስደው ያልኖሩ ብዙ ናቸው። እርስዎ ለምን እንደኖሩ አጥርቶ የሚያውቅ የለም።"

አልማዜ ካርዱን ይዛ የገባችው በዚህ መሐል ነው። የባሏን ፊት አየች፣ የሐኪሟን አየች፣ ካርዱ ከእጇ ወደቀ።

ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ስንት ጊዜ ይኖራል ነበር ያሏችሁ?"

"ዓመት። ቢበዛ ዓመት ተኩል።"

"ማን ማን ያውቃል?"

አልማዜ አቀረቀረች። ዕድሩ ያውቃል። የሱቅ ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ጉድ ያላወቀ እሱ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታው ከራሱ ከበሽተኛው ተደብቆ መድኃኒት ሲገኝለት ግን ተረቱም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

"መጀመሪያ ልብህ እንዳይሰበር ብለን ነው" አለች። "በኋላ ደግሞ ዓመቱ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው ሲያልፍ፣ አፍ አውጥተን ከተናገርነው በሽታው ሰምቶ የሚመለስ መሰለን።"

ደግፌ ወራቱን በጣቱ ሲቆጥር በድንገት ፊቱ አመድ መሰለ። የወደቀው ጥር ላይ ነው። ልጁ ናዝራዊት ያገባችው ሚያዝያ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ "ጌታሁንን ላገባ ነው" ብላ የመጣችው በሦስት ወሩ!

"አልማዜ፣ ናዚስ?"

"ሳይመርቀኝ እንዳይሞት ብላ ነዋ። ትምህርት ይደርሳል፣ አባዬ ግን አይደርስም አለች።"

ደግፌ እንደ ተመታ ሰው ጎንበስ አለ። በሠርጉ ዕለት ልጁ ጉልበቱን ልትስም ስትንበረከክ፣ ሽማግሌዎቹ "መርቅ እንጂ" ሲሉት ፊቱን አዙሮባታል። ትምህርቷን ለባል የሸጠች ልጅ አልመርቅም ብሎ። ከዚያ ወዲህ ቤቷን ረግጦ አያውቅም። እሷ በየእሁዱ እየመጣች ትስመዋለች፤ እሱ ጉንጩን ይሰጣታል እንጂ አይስማትም። አንድ ቀን እንኳ ምክንያቷን ሳትናገር ዘጠኝ ዓመት ቻለችው።

"ተነሽ" አለ። "ዘነበወርቅ እንሂድ። ቤቷን አሳዪኝ።"

የገዛ ልጁን ቤት አሳዪኝ ማለቱ ራሱንም አስደነገጠው። ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሁሉ የሚላትን ሲያሰናዳ ነበር። አልማዜ በሩን በጣቷ አሳየችውና ራቅ ብላ ቆመች።

ናዝራዊት ልብስ ስታጥብ ነበር፤ እጇ አረፋ በአረፋ ሆኖ ከፈተች። አባቷን ደጃፏ ላይ ስታይ ደሟ ከፊቷ ሸሸ።

"እማዬ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ነገሩኝ፣ ናዚ። በሽታውንም፣ ሠርጉንም።"

ናዝራዊት የበሩን ጉበን ያዘች። ደግፌ ያሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። የቀረው ሁለት እጁ ነበርና አነሳቸው።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር..."

"ተው አባዬ!" ብላ ጮኸችና ሁለቱንም እጆቹን በአረፋው እጇ ቀልባ ያዘች።

"ይቅር አትይኝም?"

"ይቅርታውንስ ያኔውኑ ሰጥቼሃለሁ። ግን አትመርቀኝ።"

"ለምን?"

እንባዋ መጣ። "ሆስፒታል በገባህ ቁጥር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ገና አልመረቀኝም፣ ሳይመርቀኝ አይሞትም እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን መርቀኸኝ ብትሄድብኝስ?"

ለደግፌ ሐኪሟ ያልመለሰችለትን፣ ለምን አልሞትኩም የሚለውን ጥያቄ ልጁ የመለሰች መሰለው፤ ትክክል ትሁን ትሳሳት ማን ያውቃል። ቀስ ብሎ እጆቹን አወረደ።

"እሺ፣ ናዚ" አለ። "አልመርቅሽም።"