ሙቀጫ የማይወድ ዕቃ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን። የሱሉልታ ብርድ ከግድግዳው ነው የሚወጣው። ከእስረኞቹ ሴቶች አንዷ ፈቀቅ ብላ ካርቶኗ ላይ ቦታ ሰጠችን፤ ለእኔና ለተከራዬ። ከቡራዩ አብረው ነው የጫኑን።

በዚያ ሰሞን ሰፈራችን እየተፈተሸ ወጣቱ ይታፈስ ነበር። እኔ ቤት ሲደርሱ ተከራዬ በምትኖርበት ሰርቪስ ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዕቃ አገኙ። ሽቦ፣ ማግኔት፣ ቆርቆሮ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዕቃውን ስትሠራ እየጠየቅኩ አሰልቻታለሁ።

«እማማ፣ ከመንጋ መሃል አንዷን ላም በስሟ ቢጠሯት እሷ ብቻ ቀና ትል የለ? አፈር ውስጥ ያለ ብረትም እንደዚያ ነው። ለእሱ ልክ የሆነ ጨረር ሲደርሰው ብቻ ይቀበለዋል» ብላኝ ነበር።

ጨረሩን ልክ ለማድረግ ምንጩን እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ አድርጎ ወደፊት ወደኋላ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ጨረር የሚሰጠው ነገር ዩኒቨርሲቲ ተቆልፎበታል፤ እኔ ቤት የነበረው አንቀሳቃሹ ብቻ ነው። እሱም ከሟች ባለቤቴ ሬዲዮ የወጣ ድምፅ ማጉያ ነበር። ንዝረት እንዳይደርሰው የተንጠለጠለበትን የመኪና ጎማ ካላማዳሪ በቢላዋ የቆረጥኩላት እኔ ነኝ።

በማግስቱ መርማሪው ፊት አቀረቡን። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ስለዚህ ነገር ምን ብላዎታለች?» አለኝ በትህትና።

እውነት መናገር ምን ገዶኝ! «ስሠራ በርበሬ አይውቀጡብኝ ትለኛለች። ንዝረት አይወድም» አልኩት።

መርማሪው ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ብድግ አለ። «ከተነቀነቀ ይፈነዳል ማለት ነው!»

«ሶባ! ውሸት ነው! እኔ እንደዚያ አላልኩም» አልኩት።

«ብለሻል። ይህንኑ ካሜራ ፊት ድገሚው፤ ለምሳ ቤትሽ ትደርሻለሽ።»

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። ልጅቷን አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ከእኔ አፍ በወጣ ቃል ልትበላ ነው።

ተነሳሁ። ጡጫዬን ጨብጬ፣ ዘነዘና እንደማነሳ አንስቼ፣ ከዕቃው አጠገብ ጠረጴዛውን መታሁት። ደገምኩት። አንዱ ጠባቂ ሊሸሽ በሩ ጋ ደረሰ። መርማሪው ፊቱን በክንዱ ከለለ።

ምንም አልሆነም። የጮኸችው ልጅቷ ብቻ ናት።

«ውይ እማማ! አስተካክዬው ነበር እኮ!»

ጠባቂው ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ዋጠው። መርማሪው ኮሌታውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ። «እሷ ባለሙያ እስኪያየው ትቆያለች።»

«ካላማዳሪውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለእኔ የተፈቀደ ለእሷ የማይፈቀደው በምን ፍርድ ነው?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ነጠላዬን አጣፋሁ። የልጅቷን እጅ ይዤ በመጣንበት ኮሪደር ወደ ክፍላችን ተመለስኩ። የገፋኝ የለም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት። ጠባቂው ግራ ገብቶት ከኋላችን መጣና በሩን ከፈተልን። ካርቶኑ ላይ ተቀመጥን። እጄ እስኪመሽ ድረስ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ባለሙያው ሰንብቶ መጣ፤ ዕቃውን አየ፤ ተለቀቅን። ይቅርታ ያለን የለም። ዕቃውን በፌስታል አድርገው መለሱልን። በእኔ ጡጫ ፀጉር የምታክል ሽቦ ተበጥሳ ኖሮ ልጅቷ እንደገና ስትጠመጥም ከረመች።

ዛሬም ሰርቪሷ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ስትሠራበት ዘነዘናዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ደጃፌ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ መሬቱ ይንቀጠቀጥና ከውስጥ ትጣራለች።

«እማማ፣ አንቱ ነዎት?»

«አይደለሁም፤ የአሸዋ መኪና ነው።»

«እሺ» ትላለች። ወጥታ አታይም።