በእኩል እርሻ ላይ የበቀለ ማንጎ

የዲጋ ማንጎ ነቀምቴ ሲገባ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤቶቼ በዘንቢል ይገዛሉ። እኔ አልገዛም። ዛሬ አንዷ ጣቷን እየላሰች "ያገርሽ ፍሬ አይደል? ቅመሽ እንጂ!" ስትለኝ ያ ሐሙስ ከነንዴቱ ተመለሰብኝ።

ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሬት ለኪዎች ማሳውን በባለቤቱ ስም ሊመዘግቡ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። እኛ ከወሎ ወደ ዲጋ የመጣን ሰፋሪዎች ነን። ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ለአባቴ በእኩል የሰጡት፣ እናት ለማለት አዴ የምንላቸው አዴ ለሊሴ ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ በዚያች ግማሽ ምርት የሚኖሩ። "እረስ፤ ዛፍ ብቻ አትትከል" ብለውት ነበር። በእኛ ዘንድ ዛፍ የተከለ መሬቱን ያዘ ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ የበላሁትን ማንጎ ፍሬ እዚያ ቀበርኩ። ሲበቅል አባቴ ሊነቅለው ጎንበስ አለ። አዴ ሳቁ፤ "ተወው፣ ልጅቷ ትብላው።"

አባቴ ከሞተ በኋላ የሚያርሰው አጎቴ ይማም ነው። ያን ቀን ለለኪዎቹና ለሰብሳቢያቸው ግንዱን በመዳፉ እየመታ "በሰው መሬት ላይ ዛፍ የሚተክል ማነው? ማን እንደተከለው ይህቺ ዲግሪ ያላት ትንገራችሁ!" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

አዴ ለሊሴ አዩኝ። "ኢንተሎ ኮ፣ ልጄ፣ የቀረውስ?"

"ጨርሳለች!" አለ አጎቴ። ሰብሳቢው መሬቱን በእኛ ስም ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። እውነት ተናግሮ መዋሸት እንደሚቻል ያወቅኩት ያኔ ነው።

ምሳ ላይ አጎቴ ገንፎውን እያጠቀሰ "መማርሽ ዛሬ ጠቀመን" አለኝ። እጁን፣ ገንፎውን፣ ከሁሉም በላይ የራሴን አፍ ጠላሁ። ዛሬም ዓይናፋርነቴን ጨዋነት ሲሉልኝ ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ማለዳ አዴ ለሊሴን ከቤታቸው ጠርቼ፣ ጤዛውን እየረገጥን ለኪዎቹ ወዳደሩበት የቀበሌ ቢሮ ሄድን። አጎቴ ደረሰብን። "ለባዳ ብለሽ የገዛ ቤትሽን ልታስርቢ?"

ሰብሳቢው "ትናንት ተናግረሽ የለ?" አለኝ።

"ግማሹን።" ጣቴን መዝገቡ ላይ አኖርኩ። "ማንጎው የእኔ ነው። መሬቱ የአዴ ለሊሴ ነው። እኛ የእኩል አራሾች ነን። ይጻፍ።"

ጽፎ እስኪጨርስ ከፊቱ አልሄድኩም። መስመር በመስመር አነበብኩት፤ ከዚያ ፈረምኩ።