ጠማማዋን ግድግዳ ማንም እንዳይነካት

ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። እስካሁን ጭቃ ራሴ አቦካለሁ፣ ምስማርም ራሴ እመታለሁ።

ዛሬ ልጄ የሽ ቤቴን ላሳድስ ብላ እቃ ስታስወጣ ዋለች። እኔንም ከእቃው ቆጥራ፣ "አባዬ፣ እስኪያልቅ እኔ ጋ ይሰንብቱ" አለችኝ።

ግንበኛው መሐል ያለችውን ግድግዳ አይቶ፣ "ይህን የሠራው ሰካራም ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይፍረስ" አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠላ እንኳ አልቀመስሁም።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር ጎን ለጎን ሁለት ቤት ነበረን። አንዱ "ትርፍ" ተብሎ ሊወረስ ሆነ። የቀበሌ ቤት ቆጣሪዎች ሳይደርሱብን ከሟች ባለቤቴ ጋር የቤቶቹን ጎን ነድለን፣ መካከላቸውን በችኮላ ባቆምናት በዚህች የጭቃ ግድግዳ አያያዝነው። አልጋችንንም መገናኛው ላይ ዘረጋነው፤ ራስጌው አንዱ ቤት፣ ግርጌው ሌላው ቤት።

የቀበሌው ጓድ መጥቶ "ይህ ሁለት ቤት ነው!" ቢል፣ እሷ "ታዲያ እኛን ከወገባችን በታች ልትወርሰን ነው?" አለችው። አንድ ብሎ ጻፈ።

"ግድግዳዋን መቼ ታቃናታለህ?" ስትለኝ "ደርግ ይውደቅና" እላት ነበር። ደርግ ወደቀ፤ ግድግዳዋ እንደተጣመመች እሷም ሄደች።

የሽ ሌላውን ታሳድስ። ይህችን ማቃናት ግን የኔ እዳ ነው፤ ጭቃውን አቡክቻለሁ።

እናንተስ፣ ቤታችሁ እንዳይወረስ ምን ቀጣጥላችሁ ነበር?