ያልተዋጠ ንፍሮ

በደርግ ማብቂያ ላይ ጎንደር ነርስ ነበርሁ። ቁስለኛ በማኪና እየተጫነ ይመጣልናል፤ ተረኛ ሆኜ ከገባሁ የምወጣው በማግስቱ ነው። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የውትድርና አፈሳ ፈርተው ወደየአገራቸው ስለተበተኑ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

ከደብረ ዘይት በዓል ማግስት ጠዋት ስመለስ፣ ከአጥራችን ማዶ የነበረው ጥድ ለምሽግ መክደኛ ተቆርጦ ተወስዷል። አባቴ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አኑረውታል። ውስጡ ላባ እንኳ በቅጡ ያላወጡ ሁለት የዋኔ፣ የዱር እርግብ፣ ጫጩቶች ነበሩ።

«ምን ይበላሉ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ አባባ። መቆሚያ እግር የለኝም፤ ልተኛ።»

«ትተኛለሽ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አድርጊላቸው።»

እያጉረመረምሁ ዳቦ በውኃ አርሼ በጠብታ መስጫ ሞከርሁ። አፋቸውን አልከፍት አሉ። ሳይመሽ አንዱ ሞተ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስነሣ አባቴ የስንዴ ንፍሮ ያላምጣሉ። በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ምነው አባባ፣ ጾሙን ፈቱት?»

በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ጫጩቱን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት። ምንቃሩን አፋቸው ውስጥ ከትቶ እየተንቀጠቀጠ በላ። ሲጠግብ አፋቸውን ተጉመጠመጡ።

«አልዋጥሁም» አሉ። «ዋኔ ልጆቿን እንዲህ ስታበላ በልጅነቴ አይቻለሁ። ትናንት ትዝ ብሎኝ ቢሆን ያኛውም ይተርፍ ነበር።»

«የንስሐ አባትዎ ቢሰሙስ?»

«ዛሬ ማልጄ ነገርኋቸው። እስክትተወው ቅዳሴ እንዳትገባ አሉኝ። እሺ ብያለሁ።»

እንዲህ ብለው ሦስት ሳምንት ከቅዳሴ ቀሩ። ጠዋት ካህናቱ በደጃችን ሲያልፉ አባቴ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሁኔታቸው ቢያሳዝነኝ «እኔ ላብላው፣ እርስዎ ይሂዱ» ብዬ ንፍሮ አላምጬ ሞከርሁ። ጫጩቱ የእኔን አፍ እምቢ አለ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ፤ ሌላ የሚጠብቀኝ ፍጡር አልፈልግም ነበር።

በሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን ከሥራ መጥቼ እንደተጋደምሁ ቀሰቀሱኝ።

«በረረ» አሉ።

«ወዴት?»

«በወለቃ በኩል። ነይ እዪው፣ ገና አልራቀም።»

አልተነሣሁም። «እሰይ» አልሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ስነቃ ነጠላቸውን አጣፍተው ለስግደት ሄደዋል። ያኔ ብቻዬን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጥቂት እርምጃ ወጥቼ ባለማየቴ አለቀስሁ።