አስቴር ለሌሎች ስትል የተኛችበት ማሽን

ዛሬ ጠዋት የአስቴር ወንድም ሲደውልልኝ የሚነግረኝን ፈርቼ ስልኩን ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግሜ ዘጋሁበት። በሦስተኛው "ቲቸር፣ አትዝጊብኝ። አስቴር አርፋለች" አለኝ።

እስካሁን አላመንኩም። ይህን የምጽፈውም እጄ የሚያደርገው ቢያጣ ነው።

ለማታውቋት፣ አስቴር አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው የጫኖ ልጅ ናት። አርባ ምንጭ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አብረን ያስተማርን ጓደኛዬ ናት።

መጀመሪያ የአንድ ዓይኗ እይታ ደበዘዘ። ከዚያ ግራ እግሯ ይጎተት ጀመር። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ "እናንተ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ" ትለን ነበር። ጠመኔው ከእጇ ሲወድቅ ተማሪዎች ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

የሰው አፍ ግን አላረፈም። አንዱ ሰነፈች አለ፣ ሌላው መንፈስ ነው አለ። ቤተክርስቲያን ተጸለየላት። እሷም "ጸልዩልኝ፣ ሐኪም ቤትም ውሰዱኝ" አለች።

ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ወሰድኳት። የአንጎል ምስል የሚያነሳው ማሽን፣ ኤም አር አይ፣ ያኔ እኛ ጋ አልነበረም። ከማሽኑ ስትወጣ "ወፍጮ ቤት የተኛሁ ነው የመሰለኝ" አለችኝ።

ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። አንጎሏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። "ብግነት ነው። ከበሽታ ሊጠብቅሽ የሚገባው የገዛ ሰውነትሽ አንጎልሽን እያጠቃ ነው" አላት።

አስቴር አለቀሰች። "ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው" አለችኝ።

መድኃኒቱ አንድ ወር ይገኛል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። ሐኪሙ በሽታው አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በኤም አር አይ እያጠና ነበርና፣ እየተመላለሰች ማሽኑ ውስጥ ተኝታ ምስል እንድትነሳ ጠየቃት። "ላንቺ ላይጠቅም ይችላል" ብሎም አልደበቃትም።

"ከኔ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል?"

"ይመስለኛል።"

"እንግዲያው እተኛለሁ።"

ሦስት ጊዜ ሄድን። በመጨረሻው ጉዞ አውቶቡስ ላይ ያወጣናት ተሸክመን ነው። ያን ሁሉ መንገድ፣ ለማታውቀው ሰው።

አስቱ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያን ቀን አንቺ ልብስ ስትቀይሪ ሐኪሙ ነጠብጣቦቹ በጣም መብዛታቸውን ነገረኝ። "ምን አለ?" ስትዪኝ "ያው ነው፣ አልጨመረም" አልኩሽ። አንቺም አምነሽኝ፣ ስንመለስ አርባ ምንጭ ልንገባ ስንል እስካለችው ላንቴ ድረስ ስለ ቀጣዩ ዓመት ክፍልሽ አወራሽልኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ።

አሁን ለማን ልንገር? ይቅር በዪኝና ሂጂ እህቴ። ማሽን የለም፣ መንገድ የለም፣ ማንም አያመላልስሽም። እኔ ግን ሰኞ አንቺ ታስተምሪበት የነበረው ክፍል እንዴት እንደምገባ አላውቅም።